ወንድሜ ቆይማ፣ ሁለቱ ፕሮግራሞችና የእማዬ ፎቶ

ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ «ቆይማ» ነው የሚለው። እናታችን ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ግን በዚያ ስም የሚጠራው የለም። ፎቶ ቤት አለው። ደንበኛ ገብቶ «ፎቶዬ ደረሰ?» ሲለው፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ላይ ሳይነቅል አንድ እጁን ብድግ ያደርግና «ቆይማ፣ እየከፈተ ነው» ይላል። አልዋሸም፣ እየከፈተ ነው። ከፍቶ ሲጨርስ ግን ያየ ሰው የለም።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ፤ ቤት ውስጥ «ሚጣ» ይሉኛል፣ ሽበት ካወጣሁ በኋላም ሚጣ ነኝ። ከፎቶ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። በመሀላችን ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ የኔ የስፌት መኪና ሲንጫጫ እሱ ጋ ይሰማል፣ የሱ ኮምፒውተር ሲያጓራ እኔ ጋ ይሰማል። የኔዋ ስትጮህ ቢያንስ አንድ ቀሚስ ተሰፍቶ ይወጣል። የሱ ሲጮህ ምን እንደሚወጣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሥራውን የጀመረው ኮምፒውተር ሳይኖር፣ አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ዘንድ ተቀጥሮ ነው። የታጠበ ፎቶ ላይ በቀጭን ብሩሽ ቀለም እየነካ ጠባሳ ይሸፍናል፣ የሳሳ ቅንድብ ይሞላል። ያኔ እጁ ፈጣን ነበር። ብሩሹ አንዴ ካረፈ አረፈ ነው፤ ተሳሳትኩ ብሎ ነገር የለም። ከዚያ ኮምፒውተር መጣና መመለሻ የሚባል ነገር አሳየው። አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ያበላሸውን እንዳልነበረ ማድረግ እንደሚችል ያየ ቀን ወንድሜን አጣነው። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ነገር ሠርቶ «በቃ» ሲል አልሰማሁም። ሚስት ያላገባውም በዚሁ ጠባዩ ነው። አንዷን ደህና ልጅ «ቆይማ» አላት፣ ልጅቷም ቆየች፣ ቆየች፣ ሰለቻትና አገባች። የሠርጓን ፎቶ ያስተካከለላት ማን መሰላችሁ?

ሰው እንዳለ መተው አይችልም፣ ነገሩ ይሄ ነው። አንድ ጊዜ ለመታወቂያ የመጣ ሰውዬ ጆሮዎቹ እኩል አይደሉም ብሎ እኩል አደረጋቸው። ሰውየው መሥሪያ ቤት ሲሄድ «ይሄ አንተ አይደለህም» ተብሎ ተመለሰ። ሌላ ጊዜ የአንዱን ጉንጭ ጥቁር ነጥብ አጠፋ፤ በማግስቱ የሰውየው ሚስት መጥታ «የባሌን ነጥብ መልስልኝ» ብላ ፎቶ ቤቱን በጩኸት ቀወጠችው። እኔ ግድግዳው ጥግ ሆኜ በሳቅ ፈረስኩ። እሱ እቴ! «አየሽ፣ አሮጌው ላይ ብሠራው ኖሮ ነጥቡን መልሼ አመጣው ነበር» አለኝ።

አሮጌውና አዲሱ ማለት ሁለቱ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞቹ ናቸው። እንደ ሁለት ምራት ነው የሚያወዳድራቸው። አሮጌው አንዴ ተጭኗል፣ ኢንተርኔት አይል፣ የይለፍ ቃል አይል፣ አርፎ ይሠራል፤ ግን የሰው ፀጉር ከጀርባው ለይቶ ለመቁረጥ አንድ በአንድ በእጅ ነው፣ ወገብ ይቆርጣል። አዲሱ ደግሞ ብልጥ ነው። ሰውየው ላይ አንድ ጊዜ ጠቅ ካደረግከው ከነፀጉሩ ለቅሞ ያወጣልሃል። ሰማይ ይቀይራል። አልፎ ተርፎ የሳቅ መጎተቻ አለው፤ ወደ ቀኝ ስትስበው የተኮሳተረ ሰው ፈገግ ይላል። ግን ሞልቃቃ ነው፤ ጠዋት ሲነሳ «አድሰኝ» ይላል፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ አኩርፎ ይቀመጣል፣ ሁለት ትልልቅ ፎቶ ከሰጡት ኮምፒውተሩን ይዞት ቁጭ ይላል። ቆይማ አንዱን ፎቶ በሁለቱም ይሠራና ምሳዬን እንኳ ሳልውጥ ይጠራኛል።

«የትኛው ይሻላል?»

«አንድ ናቸው።»

«ደህና አድርገሽ እይው እንጂ! የቆዳውን ልስላሴ እይ።»

«ጋሼ፣ አንድ ናቸው አልኩህ።»

«አንቺ ጨርቅ እንጂ ፎቶ አታውቂም» ይልና ጎረቤት ያለውን መነጽር ሻጭ ይጠራል። መነጽር ሻጩም አይቶ «አንድ ናቸው» ይላል። መነጽር ሻጭ እኮ ነው!

እንግዲህ እንዲህ ሆኖ ሲኖር የእማዬ ዓይን መታመም ጀመረ።

እማዬ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ከሱ ጋር ነው የምትኖረው። ዓይኗ ከዳር ከዳር እየጨለመ ወደ መሀል ይጠብባል። ሐኪሙ ይሄ ሕመም የሄደውን አይመልስም አለን። ለሷ ደግሞ ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ማየት የሚፈልጉትን አሁን አሁን ይዩ» አላት። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅሳል። እማዬ ግን የሐኪሙን ትእዛዝ እንደ መድኃኒት ተቀበለችና ቤት እንደገባን «ሦስቱን ልጆቼን አንድ ላይ ማየት ነው የምፈልገው» አለች።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። እኔና ታላቅ እህታችን አንነጋገርም። አባታችን በሞተ ሰሞን «እማዬ እኔ ጋ ትምጣ» ብትል «ሞግዚት ጠፍቶብሽ ነው?» አልኳት። እሷም ቤት ሙሉ ሰው ፊት «አንቺ የሰው ወገብ እንጂ የሰው ሆድ አታውቂም» አለችኝ። ይሄን ሰምቼ ዝም ልበል? አልኩ፣ አለች፣ አልኩ፣ በዚያው ቀረን። እሷ እማዬን ልትጠይቅ ስትመጣ እኔ ሱቄን ዘግቼ እወጣለሁ። እኔ እዚያ ካለሁ ደግሞ እሷ ከደጅ ትመለሳለች። አንድ እናት ሆዷ ውስጥ ያሳደረችን ሰዎች እንደ ፈረቃ ሠራተኛ እንገናኛለን፤ ይቅርታ፣ አንገናኝም።

እማዬ ለመነች። እኔ «እሷ ይቅርታ ትበለኝ» አልኩ። እህቴም «እሷ ትበለኝ» አለች አሉ። እማዬ በመጨረሻ ሰለቻትና «እሺ፣ በአካል እንቢ ካላችሁ በፎቶም ይሁን፤ ብቻ ዓይኔ ሳይጠፋ» አለች። ይሄኔ ቆይማ ፊቱ በራ። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት እህቶቹን አንድ ክፍል ቆልፎ ያስታርቃል። የኔ ወንድም ግን «ይሄማ ቀላል ነው፣ አዲሱ ይሠራዋል» አለ።

ሥራው እንዲህ ነው። እህቴ ጠዋት መጥታ ትነሳለች፣ እኔ ከሰዓት እነሳለሁ፣ እሱ ያጋጥመናል። እኔ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፣ እሷ ከኋላዬ ቆማ እጇን ትከሻዬ ላይ ታሳርፋለች፣ እሱ ከጎን ይቆማል። «እጇን ምን ላይ ታሳርፈዋለች? አየር ላይ ከሆነ ያስታውቃል» አለኝና ልብስ የማሳይበትን አሻንጉሊት ለመነኝ። አሻንጉሊቴ ራስም እጅም የለውም፣ ጡትና ትከሻ ብቻ ነው። ጥላው እንዲመሳሰል ደግሞ ከሰዓት የምለብሰውን ኮሌታ ያለውን ቀሚሴን እንዳለብሰው አዘዘኝ። አለበስኩት፤ በርጩማው ላይ በጥቁሩ መጋረጃ ፊት አስቀመጥኩት፤ እህቴ ሳትመጣ ወጥቼ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሳስበው ሳቄ መጣ። እህቴ ከኔ ይልቅ ጭንቅላት ከሌለው ነገር ጋር ፎቶ ለመነሳት ተስማምታለች። ወዲያው ደግሞ ሆድ ባሰኝ።

ከሰዓት ቀሚሱን ለብሼ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

«ፈገግ በይ» አለኝ።

«በምን?»

«በኔ።»

«አንተማ ታስለቅሰኛለህ እንጂ አታስቀኝም።»

«ግድ የለም፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ሳቁን እኔ እጎትተዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ጣጣው ጀመረ። ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው አንድ ላይ መሸከም አቃተው። ቆይማ እያንዳንዷን ነገር ሌየር በሚሉት በየራሷ ስስ ንጣፍ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ፊት ለብቻ፣ ጥላ ለብቻ፣ የእህቴ ጣቶች እያንዳንዳቸው ለብቻ፣ በኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ እንዲመቸው። ሌየር በሌየር ላይ ሲከምር ፎቶው አበጠ። የኮምፒውተሩን አይጥ፣ ማውሱን፣ ሲያንቀሳቅስ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ቆይታ ነው የምትከተለው። እማዬ ከጓዳ «ደረሰ?» ትላለች፣ እሱ «ቆይማ እማዬ» ይላል። በየቀኑ ትጠይቃለች። አንድ ቀን ጠዋት የመስኮቱን መጋረጃ እየዳበሰች ስታገኘው አየሁ።

ገብቼ ጮህኩበት። «አንተ ሰውዬ፣ ዓይኗ ይጠብቅሃል እንዴ?»

«ኮምፒውተሩ ነው እኮ፣ እኔ ምን ላድርግ?»

ያላደረገው የለም። መጀመሪያ ሣጥኑን ከፍቶ አቧራውን በብሩሽ ጠረገ። ቀጥሎ «የአንቺ ካውያ ነው ኤሌክትሪኩን የሚሻማኝ» ብሎ ካውያዬን አስነቀለኝ፤ የደንበኛዬ ሱሪ ተጨማዶ ዋለ። ሜሞሪ ጨመረበት፣ ትንሽ ተነቃቃና መልሶ ተኛ። የስክሪኑን ካርድ የሚያዘውን ሶፍትዌር አደሰው፤ ሰው ሁሉ ሐምራዊ ሆነ። አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን፣ አዲሱን ዘግቶ አሮጌውን ሞከረ። አሮጌው ፎቶውን ቶሎ ይከፍታል ግን የሳቅ መጎተቻ የለውም። አዲሱ ይስቃል ግን አይንቀሳቀስም። እሱ ደግሞ ከሁለት አንዱን መምረጥ ሞቱ ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ ከፍቶ ፎቶውን ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያመላልስ ይውላል።

በመጨረሻ የኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራሁለት፤ አፉ የማያርፍ ወጣት ነው። ቁጭ ብሎ ትንሽ ጎረጎረና መጀመሪያ ዲስኩ አፉ ድረስ መሙላቱን አየ። ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚዘረጋበት ባዶ ቦታ ይፈልጋል፣ ባዶ ቦታ ግን የለም። ስንት ዘመን የተነሱ የማያውቃቸው ሰዎች ፎቶ ተከምሯል። «ያጥፉት» ቢለው «አንድ ቀን ቢጠይቁኝስ?» አለ። ጠጋኙ ተንፍሶ ወደ ማስተካከያው ገባ። እዚያ ያየው ነገር ከወንበሩ አስነሳው።

«ጋሼ፣ ይሄ የመመለሻ ቁጥር ምንድነው? ሺ አድርገውታል እኮ!»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ የነኩትን ሁሉ ሺ ጊዜ አስታውስ እያሉት ነዋ! በዚህ ግዙፍ ፎቶ ላይ! ሰው እንኳ ቢሆን ያብዳል።»

«ስንት ላድርገው?»

«ሃያ ይበቃዎታል።»

«ሃያ?» አለ ወንድሜ፤ ድምፁ መርዶ የተረዳ ሰው ድምፅ ነበር። «ሃያ ብቻ ተመልሼ ምን አባቴ ላገኝ?»

«ለመመለስ ነው እንዴ የሚሠሩት?» አለው ጠጋኙ። እኔ አፌን በመሀረብ ያዝኩ። ቆይማ ግንባሩን ቋጥሮ ጠጋኙን አመሰገነ፣ ወደ በሩ ሸኘው፣ ተመልሶም ቁጥሩን ሺ ላይ እንደነበረ ተወው።

ያም ሆኖ ፎቶው አንድ ቀን ጠዋት አለቀ። አለቀ ስል እማዬ «ዛሬ ካላሳየኸኝ ምሳ አልበላም» ስላለችው ነው። ትልቅ አድርጎ አተመው። እውነት ለመናገር አምሯል። ሦስታችንም ተኮልኩለናል፣ እህቴ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋለች፣ እኔም ጥርሴ እስኪታይ ስቄያለሁ። መቼም እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

እማዬን መስኮቱ ስር አስቀመጥናት። ማጉያ መነጽሯን ይዛ ፎቶውን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ቁራጭ በቁራጭ ማየት ጀመረች።

«ይሄ አንተ ነህ። ወገብህን ቀና አድርገህ የለም እንዴ? እሰይ። ይቺ ትልቋ ናት፤ አይ፣ እርጅና ጀማመራት።» ማጉያው ወደኔ መጣና ቆመ። «ይቺስ ማን ናት?»

«ሚጣ ናት እማዬ» አላት ቆይማ።

«አይደለችም።»

«እማዬ ትሙት እኔ ነኝ!» አልኩ።

«እኔን አትግደይኝ፣ ዝም ብለሽ ስሚኝ። ይቺ ልጅ ትስቃለች። ሚጣ ከተጣላቻት እህቷ ጋር ተቀምጣ እንዲህ አትስቅም፤ ታኮርፋለች፣ ከንፈሯን ትነክሳለች። የትልቋም እጅ እዚህ ጋ ያለ ነገር ነው፣ የተረሳ ጓንት ነው የሚመስለው።» ፎቶውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ይሄን የሠራ ሰው ልጆቼን አያውቃቸውም።»

ወንድሜ አመዱ ቡን አለ። ያን ያህል ለፍቶ! ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ አዘንኩለት። እሱ ግን እጁን ብድግ አደረገና «ቆይማ እማዬ፣ ሳቁን እቀንሰዋለሁ» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ሮጠ። እማዬም «ምሩኝ፣ ስትሠራው ልየው» አለች። ክንዷን ይዤ ወስጄ ስክሪኑ ፊት አስቀመጥኳት።

ፎቶውን በአዲሱ ከፈተ፣ በአሮጌውም ከፈተ። ሳቁን ቢጎትተው ፊቴ ተጣመመ። ስለዚህ የተሻለ ፊት ሊፈልግልኝ ከመጀመሪያ ያነሳቸውን፣ ገና ያልተነካኩትን ፎቶዎች ደርድሮ አንድ በአንድ ማሳለፍ ጀመረ። አንዱ አለፈ፣ ሁለተኛው እየተጎተተ አለፈ፣ ማራገቢያው አጓራ፣ አንዱ ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ጭራሽ ድርቅ አለ። ቆይማ ቁልፎቹን ቢነካካ፣ አይጡን ቢያማታ፣ ወይ ፍንክች።

ስክሪኑ ላይ የቀረው ፎቶ እህቴ ጠዋት የተነሳችው ነው። እኔ አይቼው አላውቅም። ጥቁሩ መጋረጃ፣ በርጩማው፣ በርጩማው ላይ ቀሚሴን የለበሰው አሻንጉሊት፤ አንገቱ ጥቁሩ መጋረጃ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። እህቴ ከኋላው ቆማለች። ግን እጇን እንደታዘዘችው ትከሻው ላይ አላሳረፈችም። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ የተገለበጠውን ኮሌታ እያስተካከለች ነው፤ አፏ የሆነ ነገር እየተናገረ ነው የተነሳው። ምን እያለች እንደሆነ አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤት ስንሄድ በየጠዋቱ በር ላይ አስቁማኝ ኮሌታዬን እየጎተተች «መቼ ነው ሰው የምትሆኚው?» ትለኝ ነበር።

እማዬ ፊቷን ስክሪኑ ድረስ አስጠጋች። ማጉያውን ጭኗ ላይ ረስታዋለች።

«እሰይ! ይኸው ልጆቼ» አለች። ድምጿ ተለወጠ። «ይኸው ትልቋ፤ ይኸው ሚጣዬ። ኮሌታዋን እያስተካከለችላት! አይ ይቺ ልጅ፣ ዛሬም አልተወችም? ይሄን ነበር ማየት የፈለግኩት፤ ለምን ደብቃችሁኝ ያንን አሳያችሁኝ?» ጣቷን አንስታ ስክሪኑ ላይ አንገቱ የጠፋበትን ቦታ ዳሰሰችው። «ሚጣዬ፣ አንቺ ግን ወዴት ዞረሽ ነው ፊትሽ የማይታየው?»

ወንድሜ አየኝ። እኔም አየሁት። አሻንጉሊት ነው እማዬ፣ እኔ እዚያ አልነበርኩም ማለት እችል ነበር።

«ዞሬ ነው እማዬ» አልኳት።

«በይ እንግዲህ፣ ይሄን አትሙልኝ» አለች፤ ዓይኗን ከስክሪኑ ላይ አልነቀለችም። «እስክታትሙት ድረስ እንዳታጠፉት፣ ልየው።»

ማን ያጠፋዋል? ደርቋል እኮ። ቆይማ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፣ አይጡንም አልነካም። እኔ ወጥቼ ወደ ሱቄ ገባሁና በሩን ዘጋሁት። የእህቴን ቁጥር ከስልኬ ካጠፋሁት ቆይቷል፤ ጣቴ ግን አልረሳውም። ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጮህ አነሳችው።

«እማዬ ምን ሆነች?» አለች በድንጋጤ።

«ምንም አልሆነችም፤ ፎቶሽን እያየች ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ስልኩን ይዤ ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ ቤት ውስጥ ቁልፍ ሲንኳኳ፣ ጫማ ሲጎተት ተሰማኝ።

«መጣሁ» አለች። ምን ሆነሽ ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም።